ኳሷ እስክትወርድ ጠብቃት

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ሲሆን እዚህ አገር ከመጣሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። እግር ኳስ እስከ ዛሬ እጫወታለሁ፤ ልጅ ሳለሁም በገና ጨዋታ የምታወቅ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ወደ ስሎው ፒች ሶፍትቦል (ኳሷ በዝግታ፣ ከፍ ተደርጋ የምትወረወርበት፣ ቤዝቦልን የሚመስል ጨዋታ) ቡድናቸው አስገቡኝ። መሮጡና መያዙ አላስቸገረኝም። መምታት ግን አቃተኝ። ኳሷ ወይ መሬት ለመሬት ተንከባላ ሾርትስቶፑ (ቀረብ ብሎ የሚቆመው ተከላካይ) እጅ ትገባለች፣ ወይ ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ ትወጣለች። ጂም እሄዳለሁ፤ ከቡድናችን ብዙ ክብደት የማነሣው እኔ ነኝ። ባለ 30 አውንስ ውድ ባትም (መምቻ ዱላ) ገዝቻለሁ። ግን በአካል ከእኔ የሚያንሱት አጥር ሲያሻግሩ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ የተጋጣሚ አውትፊልድ ተጫዋቾች (ሜዳው ጥግ ራቅ ብለው የሚቆሙት) በእጅ ተጠራርተው ወደ ውስጥ ይጠጋሉ። ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ይህን አይቶ «አባዬ፣ ለምንድነው አንተ ስትመጣ የሚጠጉት?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ምን ላድርግ?

አልርቅ ያለችበት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ለዚያ መጠጋት ስል ነው። እዚሁ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ ሜዳዎች ላይ ሃያ ዓመት ያህል ተጫውቻለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለእኔም ይጠጉልኝ ነበር። ሜዳ ሙሉ ሰው እያየ አሥር እርምጃ ወደ አንተ ሲመጡ ምን እንደሚሰማ አውቀዋለሁ። ለልጅህ እውነቱን ንገረው። «ሩቅ መምታት ገና እየተማርኩ ስለሆነ ነው፤ እነሱም አውቀውታል» በለው። ከዚያ ሲለወጥ አብሮህ ይየው።

አመታትህን በዓይኔ አላየሁትም። ነገር ግን የጻፍከው ብዙ ይናገራል። ኳሷ አንዴ መሬት፣ አንዴ ሰማይ መሆኗ፤ እንዲያ ያለ ክንድ ይዘህ ርቀት ማጣትህ፤ ከባድ ባት መምረጥህ። ሦስቱም ወደ አንድ ነገር ይጠቁሙኛል፦ የምትመታው በክንድህ ነው፣ ያውም ቀድመህ። ከሁለቱ የሚብሰው መቅደሙ ነው፤ ክንድህን ብቻውን እንዲሠራ የሚያስገድደው እሱ ነውና።

ስሎው ፒች ሰውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ወርዋሪው 50 ጫማ ርቆ ይቆምና ኳሷን ከታች ወደ ላይ ይለቃታል። ጨዋታውን በሚመራው ማኅበር፣ በዩኤስኤ ሶፍትቦል ሕግ፣ ኳሷ ከመሬት ቢያንስ 6 ጫማ ከፍ ማለት አለባት። ከፍ ያለ ቅስት ሠርታ ከመጣች አንተ ጋ እስክትደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። በሰዓት 90 ማይል የምትወረወር የቤዝቦል ኳስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ታዲያ ሰው ሁሉ ይህቺ ቀላል ናት ይላል። ያ ሰከንድ ተኩል ግን ለሰውነት ረጅም ነው። ኳሷ ገና አናት ላይ ሳለች ክብደትህ ወደ ፊት እግርህ ያልፋል፣ ዳሌህ ይከፈታል፣ ትከሻህ ይዞራል። ኳሷ ስትደርስ በእጅህ የቀረው ክንድህ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ምንም ያህል ጡንቻ ቢኖርህ ኳሷን ትገፋታለህ እንጂ አትመታትም።

ሌላም ነገር አለ። በፍጥነት የተወረወረች ኳስ ለመቺው ጥቂት ጉልበት ታበድረዋለች፤ የስሎው ፒች ኳስ ግን ባዶ እጇን ነው የምትመጣው። ነገሩን በቁጥር ላሳይህ። ባትና ኳስ ሲጋጩ ኳሷ ይዛ የምትወጣው ፍጥነት በግምት የባቱ ፍጥነት 1.2 ጊዜ ተባዝቶ፣ በዚያ ላይ ኳሷ ይዛው ከመጣችው ፍጥነት አንድ አምስተኛው ሲደመር ነው። ባትህ በሰዓት 60 ማይል ቢሄድ 72 ያስገኝልሃል። በሰዓት 27 ማይል ያህል እየተጓዘች የደረሰችው ኳስ የምትጨምርልህ 5 ማይል ገደማ ነው፤ ድምሩ 77። ባትህን ወደ 70 ብታደርሰው ግን 84 ላይ ያቺው 5 ተደምራ 89 ይሆናል። ያ ልዩነት አውትፊልዱ እጅ ላይ በምታርፍ ኳስና በራሱ ላይ አልፋ በምትሄድ ኳስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ጠንካራ ነህ የሚል ሳይሆን የባቱ ራስ ኳሷ ጋ ሲደርስ ምን ያህል ይፈጥናል የሚል ነው።

ለዚህ ደግሞ ከቡሄ ጅራፍ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ጅራፍ ስትማር የሆነውን አስታውስ። መጀመሪያ በሙሉ ክንዳችን እንወረውረው ነበር፤ አይጮኽም፤ ዞሮ የራሳችንን እግር ይገርፈን ነበር። የሚያጮኹት ልጆች በጉልበት አይበልጡንም ነበር። ከወገባቸው ይነሣሉ፣ ክንዳቸው ይከተላል፣ ከዚያ እጃቸውን ድንገት ይገቱታል። እጁ ሲገታ ፍጥነቱ ሁሉ ወደ ገመዱ ጫፍ ይሮጣል፤ የሚጮኸውም ጫፉ ነው።

ባትም እንዲሁ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። የፊት እግር ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌ ሲገታ ደረት ይቀጥላል፤ ደረት ሲገታ ክንድ፣ ከክንድ በኋላ የእጅ አንጓ፣ መጨረሻ ላይ የባቱ ራስ። እያንዳንዱ ቀጣዩን ወርውሮ ይቆማል። ዋናው ነገር እጅህ ከዳሌህ ኋላ መቅረቱ ነው። ዳሌህ ወደ ወርዋሪው መዞር ሲጀምር እጆችህ ገና ኋለኛው ትከሻህ አጠገብ መሆን አለባቸው። ያኔ ከጎድን አጥንትህ በታች በጎንህ በኩል መለጠጥ ይሰማሃል። መለጠጡ ካልተሰማህ ዳሌና ትከሻህ እንደ በር አንድ ላይ ዞረዋል ማለት ነው፤ በር ደግሞ አይጮኽም። ባቱን በመዳፍህ አንቀህ አትያዘው፤ ጣቶችህ ሥር ይረፍ፣ ጨበጣህም ላላ ይበል። የተጨመቀ እጅ አንጓን ያስራል፤ የታሰረ አንጓ የባቱን ራስ አይለቅም።

የፊት እግሩን ነገር ለአንተ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እግር ኳስ ትጫወታለህና። ረጅም ኳስ ስትመታ መደገፊያ እግርህ ምን ያደርጋል? ኳሷ አጠገብ ይተከላል፣ ይጠነክራል፤ ሰውነትህ እዚያ ይቆምና የሚመታው እግር ያልፋል። መደገፊያው ከተልፈሰፈሰ ኳሷ አትሄድም። ሶፍትቦል ላይ ያ መደገፊያ የፊት እግርህ ነው። ስትረግጥ ጉልበትህ በመጠኑ ይታጠፍ፤ ስትመታ ግን ይቃናና መሬቱን ይግፋ። እኔ ካየኋቸው ጀማሪዎች አብዛኞቹ የፊት ጉልበታቸው እንደታጠፈ ወደ ወርዋሪው ይንሸራተታሉ፤ ወደ ባቱ መሄድ የነበረበት ኃይል በመንሸራተቱ ያልቃል። የኋላ እግርህን ሆን ብለህ ለማሽከርከር አትድከም። ዳሌው ከዞረ ተረከዙ ራሱ ይነሣል።

አሁን ገና ጨዋታን ያነሣህበት ነገር። ይህን ስትጽፍ ከጉዳዩ ጋር ይያያዛል ብለህ ላታስብ ትችላለህ፤ እኔ ግን ቁልፉ እዚያ ውስጥ ይመስለኛል። ጥንጓ መሬት ላይ ናት፤ ዱላው ከላይ ወርዶ ነው የሚያገኛት። ያ ልማድ እጅ ውስጥ ይቀራል፤ እንጨት ፈልጦ ያደገ ሰውም እንዲሁ። የስሎው ፒች ኳስ ግን ራሷ ከላይ እየወረደች ነው የምትመጣው፤ ቅስቷ ከፍ ካለ ከ30 ዲግሪ በላይ አዘቅዝቃ ትወርዳለች። ባትህም ከላይ ወደ ታች እየወረደ ከሄደ የሁለቱ መንገድ የሚቋረጠው አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ጥቂት ከቀደምክ ባቱ ዝቅ ብሎ ሳለ ኳሷ ገና ከላዩ ናት፤ ሥሯን ትመታታለህ፤ ወደ ሰማይ። ጥቂት ከዘገየህ ባቱ ገና ከፍ ብሎ ሳለ ኳሷ ወርዳለች፤ አናቷን ትመታታለህ፤ መሬት ለመሬት። ሁለቱም ችግሮችህ ከአንድ አመታት የወጡ ናቸው ያልኩህ ለዚህ ነው።

ባትህ በመጠኑ እየወጣ ቢሄድ ግን ኳሷ በምትወርድበት መስመር ላይ ይገባል። መስመሩ ላይ ካለ ትንሽ ብትቀድም ወይም ብትዘገይም ኳሷን ደህና አድርገህ ታገኛታለህ። ልብ በል፣ እየወጣ ስል ኋለኛ ትከሻህን ጥለህ ሰማይ መውጋት ማለቴ አይደለም። ትከሻህ የሚያዘነብለው ዳሌህ ሲዞር ከዚያ ጋር ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ሩቅ የምትሄድ ኳስ ከባቱ የምትወጣው ከአግድም 25 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ብላ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፍ ያለች ኳስ ታምራለች እንጂ አትርቅም። ኳሷን ከፊት እግርህ ትይዩ፣ ከጭንህ እስከ ወገብህ ባለው ከፍታ ላይ አግኛት። በስሎው ፒች ስትራይክ (ባትመታት እንኳ የምትቆጠርብህ ውርወራ) የሚባለው ከኋለኛ ትከሻህ እስከ ፊት ጉልበትህ ያለው ነው፤ ትከሻህ ላይ የምትደርሰውን ሁሉ መምታት የለብህም። ወርዋሪው ኳሷን ራቅ አድርጎ ከፕሌቱ (አጠገብህ መሬት ላይ ካለው ነጭ ሰሌዳ) ጀርባ የሚጥል ከሆነ መምቻ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ኋላ ሽሽ። ሳጥኑ 7 ጫማ ርዝመት አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይቆማል።

መጠበቅን እንዴት ትለማመዳለህ? እኔን ያዳነኝ መቁጠር ነው። ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ስትለቀቅ በልብህ «አንድ» በል፤ አናት ስትደርስ «ሁለት»፤ መውረድ ስትጀምር «ሦስት»። «ሁለት» እስክትል ድረስ ክብደትህ ኋላ እግርህ ላይ ይቆይ፤ ዓይንህ ብቻ ይከተላት። እርምጃህን የምትጀምረው «ሦስት» ላይ ነው። መጀመሪያ የዘገየህ ይመስልሃል፣ ትፈራለህም። ግድ የለህም፣ ዘግይ። ለአንድ ሳምንት ኳሷን ሁሉ ወደ ቀኝ ሜዳ ብትመታ እንኳ ደስ ይበልህ፤ የቀኝ እጅ መቺ ከሆንክ ያ መጠበቅህን ያሳያል።

ሁለተኛው ልምምድ ኳስም ሜዳም አይፈልግም። ባቱን ገልብጠህ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያዘውና እጀታውን ወደ ውጭ አድርገህ አወናጭፈው። ቀላል ስለሚሆን «ሹው» የሚል ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ከየት መጣ? ከኋላህ ወይም ከጎንህ ከመጣ ፍጥነትህን ኳሷ ሳትደርስ ጨርሰኸዋል። ከፊት እግርህ ፊት ለፊት እስኪሰማህ ድረስ ደጋግመው። የጅራፉን ጩኸት እንደምትፈልግ ፈልገው። ልጅህም አጠገብህ ሆኖ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሊነግርህ ይችላል፤ ብቻ ራቅ ብሎ ይቁም።

ሦስተኛው ቲ ነው፤ ኳስ የምትቀመጥበት ማቆሚያ። ከፊት እግርህ ትይዩ በወገብህ ከፍታ አስቀምጠው። መረብ ፊት የምትለማመድ ከሆነ ኳሷ መረቡን በራስህ ቁመት ያህል ከፍታ ላይ ቀጥ ብላ እንድትመታው ሞክር። መጀመሪያ ቀጥ ያለችውን፣ ከዚያ ከፍ ያለችውን። ሰፊ ባዶ ሜዳ ካገኘህ ደግሞ ቲውን ፕሌቱ ላይ አድርገህ ምታና እያንዳንዷ ኳስ የት እንደወደቀች ሄደህ እይ፤ ከቲ ላይ ሩቅ መምታት ያልቻለ ሰው ከወርዋሪ አይችልም። አሥር ምት፣ ዕረፍት፣ እንደገና አሥር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ60 ምት አትለፍ፣ ያውም በሳምንት ሦስት ቀን። በዕድሜያችን በጎን በኩል ያለው ጡንቻ ቶሎ ይቀደዳል፣ ቶሎ አይድንም። አንድ ዓመት ሙሉውን የግንቦት ወር ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ እሱ ነው።

ባትህን በተመለከተ፣ ሕጉ እስከ 34 ኢንች ርዝመትና እስከ 38 አውንስ ክብደት ይፈቅዳል፤ የሚፈቀድ ሁሉ ግን አይጠቅምም። አብዛኞቹ ጥሩ የስሎው ፒች መቺዎች የሚይዙት ከ26 እስከ 28 አውንስ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ይልቅ ክብደቱ የት እንዳለ ይበልጥ ይወስናል። ጫፉ ላይ የከበደ ባት ለማዞር ይዘገያል፤ ሲደርስ ብርቱ ነው፣ ግን መድረስ አለበት። አመታትህ እስኪስተካከል ባለ 26 ወይም 27 አውንስ፣ ክብደቱ የተመጣጠነ ባት ከጓደኛ ተውሰህ ሞክር። ያንን ውድ ባት አትሽጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊያስፈልግህ ይችላል። ከመግዛትህ በፊትም ሊጋችሁ የሚቀበለው የዩኤስኤ ሶፍትቦልን ማህተም ይሁን የሌላውን ማኅበር፣ የዩኤስኤስኤስኤን፣ ጠይቅ፤ ሁለቱ መመዘኛቸው ይለያያል። ባትህ ኮምፖዚት (ከብረት ሳይሆን ከፋይበር የተሠራ) ከሆነ በሚያዝያ ብርድ አታውጣው፤ ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሊሰነጠቅ ይችላል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላም በእጅህ ውስጥ ጥቂት አዙረው፤ አንድ ጎኑ ብቻ እንዳይጎዳ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እለምንሃለሁ። ርቀት እንደምትፈልግ ሲያውቁ ውስጡ የተፋቀ ባት ሊሸጥልህ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የባቱ ግድግዳ ሲሳሳ ኳሷ እንደ ስፕሪንግ ትወረወራለች። እምቢ በል። ዛሬ ዩኤስኤ ሶፍትቦል የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ከባት ለሚወጣ ኳስ በላብራቶሪ የሚለካ በሰዓት 98 ማይል ጣሪያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ወርዋሪው 50 ጫማ ላይ ነው የቆመው፤ ኳሷን ለቆ ገና እጁን ሳያነሣ ፊቱ ላይ ትደርሳለች። ፊቱ ላይ ኳስ ያረፈበት ሰው ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ አብሬ ሄጃለሁ። ያ ሰው የማታውቀው ተጋጣሚ ቢሆንም በማግስቱ ሥራ መግባት አለበት፤ ልጆች አሉት።

ስለ ጂሙ አጭር ነው። በጀርባህ ተኝተህ የምትገፋው ብረት ለዚህ ጨዋታ እምብዛም አይረዳህም። እግርህንና ዳሌህን አጠንክር፤ ሜዲስን ቦል (ከባድ የልምምድ ኳስ) ይዘህ በጎንህ ወደ ግድግዳ ወርውር። ሲወረወር ከዳሌ ጀምሮ በእጅ የሚያልቅ ነውና የምትፈልገውን ቅደም ተከተል ራሱ ያስተምርሃል።

እስከዚያው በመጪው ማክሰኞ ሲጠጉብህ ምን ታደርጋለህ? የሰጡህን ቦታ ተመልከት። ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ከጀርባቸው ያለው ሜዳ ይሰፋል፤ በግራውና በመሃሉ ተጫዋች መካከል ያለውም ክፍተት እንዲሁ። በሾርትስቶፑ ራስ ላይ ያለፈች ቀጥ ያለች ኳስ በዚያ ክፍተት ከገባች አሳዳጅ የላትም፤ እንደ አንተ ያለ ሯጭ ሁለተኛ ቤዝ (ሯጩ የሚደርስበት ማረፊያ)፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ይደርስባታል። ብዙ ሊጎች የሆም ራን፣ ማለትም አጥር የሚያሻግር ምት፣ ቁጥር ይገድባሉ፤ ከገደቡ ያለፈችው እንደ አውት ትቆጠራለች፤ መቺው ተራውን ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ አጥር ማሻገርን ብቻ አትመኝ፤ እኔ በበኩሌ በጨዋታ ሁለት ጊዜ ክፍተት የሚያገኝ መቺ ከአንድ ሆም ራን መቺ ይልቅ ቡድኔ ውስጥ ቢኖር እመርጣለሁ። ሁለት ስትራይክ ሲሆንብህም ተጠንቀቅ፤ በብዙ ሊጎች ከዚያ በኋላ ከመስመር ውጭ የወጣች ኳስ አውት ታደርግሃለች። ያኔ አትታገል፤ ቆጥረህ ጠብቅና ወደ መሃል ምታት።

አንድ ሰው በስልኩ እንዲቀርጽህ አድርግ፤ ብዙ ስልኮች ቀስ ብሎ የሚያሳይ ቀረጻ አላቸው። ሦስት ወይም አራት ምት ይበቃኛል፤ ከወርዋሪ የተመታ ይሁን እንጂ ከቲ አይሁን። ኳሷ አናት ላይ ስትደርስ ቪዲዮውን አቁመህ ክብደትህ የት እንዳለ ራስህ እየው፤ ከዚያ ባቱ ኳሷን ሲነካ እንደገና አቁመው። ለእኔ ስትልክልኝ ቀረጻው ከፊት ሳይሆን ከጎንህ የተነሣ ይሁን፤ የፊት ጉልበትህ ሲቃና ማየት እፈልጋለሁ።